ባቡሩ ሄደ፤ መንገዱ ቀረ

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። የባቡር ሐዲድ በእርሻችሁ መካከል ያልፋል እንበል። ሐዲዱ ሲዘረጋ አያታችሁ ለባቡሩ ኩባንያ «እለፍ» ብለው በወረቀት ላይ ፈርመዋል። መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል ባቡሩ ሥራውን አቆመ። ብረቱም ተነቀለ። ታዲያ ያ መሬት የማን ነው? የእናንተ ነው? የኩባንያው ነው? ወይስ የሕዝብ ሁሉ?

ይህ ተረት አይደለም። በአሜሪካ አገር፣ ሚዙሪ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር የሆነ ነገር ነው። ዛሬ በዚያ ቦታ ባቡር የለም። በባቡሩ ፈንታ ሰው በእግሩና በቢስክሌት የሚንሸራሸርበት ረጅም መንገድ አለ። ስሙ ኬቲ ይባላል። የመንገዱን ውበት እንነግራችኋለን። በመንገዱ ምክንያት የተነሣውን የመሬት ክርክርም እንነግራችኋለን። ከዚህ በታች የምታነቡት ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ባቡሩ ለምን በወንዙ ዳር ሄደ?

ሚዙሪ የክፍለ ሀገሩም የወንዙም ስም ነው። ወንዙ በሰሜን አሜሪካ ካሉት ወንዞች ሁሉ ይረዝማል። ርዝመቱ ከ3,700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ውኃው ደለል ስለሚሸከም መልኩ ቡናማ ነው። ዓባይን በክረምት ያየ ሰው ይህን መልክ ያውቀዋል። በወንዙ ግራና ቀኝ ያለው ሜዳ ለም ነው። ገበሬዎች በቆሎና አኩሪ አተር ይዘሩበታል።

የባቡሩ ኩባንያ ስም «ሚዙሪ፣ ካንሳስና ቴክሳስ» ነበር። ስሙ ረጅም ስለሆነ ሰው አሳጠረው። የካንሳስን የመጀመሪያ ፊደል «ኬ»ን ወሰደ። የቴክሳስን የመጀመሪያ ፊደል «ቲ»ን ወሰደ። ሁለቱን አጋጥሞ «ኬቲ» አለው። ፊደል የቆጠረ ሰው ይህ ጨዋታ ይገባዋል።

ኩባንያው በ1890ዎቹ ሐዲዱን በወንዙ ዳር ዘረጋ። ለምን ኮረብታውን አላቋረጠም? ምክንያቱ ቀላል ነው። በሬ ሰኮናው መሬቱን ቆንጥጦ ዳገት ይወጣል። የባቡር እግር ግን ብረት ነው፤ የሚረግጠውም ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ባቡር ዳገት አይወድም። መሐንዲሶቹ ወንዙን ተከተሉ። ወንዝ ምንጊዜም ዝቅተኛውን ቦታ ፈልጎ ይሄዳልና። ገደል ሲገጥማቸው ድንጋዩን ፈለጡት። ሸለቆ ሲገጥማቸው በአፈር ሞሉት ወይም ድልድይ ሠሩበት። በዚህ ዓይነት ለጥ ያለ መንገድ ተሠራ። ይህን ልብ በሉ፤ ለባቡሩ ሲባል የተደለደለው መሬት ኋላ ለሽማግሌና ለሕፃን እግር ተመቸ።

ባቡሩ እህልና ከብት ጫነ። ሰውም ጫነ። በየጣቢያው ትናንሽ ከተሞች በቀሉ። ኋላ ግን የመኪና መንገድ በዛ። ጭነቱ ወደ ካሚዮን ዞረ። በ1986 የመከር ወራት ደግሞ ወንዙ ሞልቶ ሐዲዱን በብዙ ቦታ ቆረጠው። ኩባንያው መልሶ አልሠራውም። በዚያው ባቡሩ ቀረ።

የተበጠሰ ገመድ ቋጠሮው ይበዛል

በዚያን ዘመን በአሜሪካ ብዙ የባቡር መስመሮች ይዘጉ ነበር። መስመር ሲዘጋ መሬቱ ለየሰዉ ይከፋፈላል። አንዱ ያርሰዋል፤ ሌላው ቤት ይሠራበታል። ከተከፋፈለ በኋላ እንደገና ባቡር ቢያስፈልግ መሬቱን ከመቶና ከሺህ ሰው መግዛት ይመጣል። ይህ ደግሞ የማይሆን ነገር ነው። የተበጠሰ ገመድ ሲቀጣጠል ቋጠሮው ይበዛል።

ስለዚህ በ1983 የአገሩ ምክር ቤት ሕግ አወጣ። የሕጉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ሐዲዱ ይነሣ፤ መስመሩ ግን አይበተን። አንድ ቀን ባቡር ሊያስፈልግ ይችላል። እስከዚያው ድረስ ሕዝብ ይሂድበት።

በኬቲ መስመር ላይ ይህን ሐሳብ ከደገፉት ሰዎች አንዱ ቴድ ጆንስ ነበሩ። ሀብታም ነጋዴ ነበሩ። እሳቸውና ባለቤታቸው ፓት ለመስመሩ መግዣና መሥሪያ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። ሐሳቡ ግን ከእሳቸው አልጀመረም። ዊስኮንሲን በሚባል ሌላ ክፍለ ሀገር፣ በኤልሮይና በስፓርታ ከተሞች መካከል፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ እንዲህ ያለ መንገድ ነበረ።

ሥራው እንዲህ ሆነ። ብረቱና ከሥሩ የተጋደሙት እንጨቶች ተነሡ። በድልድዮቹ ላይ ጣውላ ተነጠፈ፤ መደገፊያም ተሠራ። በመንገዱ ላይ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ፈሰሰ፤ ተደመደመም። በ1990 ሚያዝያ ወር የመጀመሪያው ክፍል ሮቼፖርት በምትባል ትንሽ ከተማ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተቀጠለ ሄደ። ዛሬ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

እስቲ በሐሳብ አብረን እንሂድ

ጉዞውን ከምዕራብ፣ ክሊንተን ከምትባል ከተማ እንጀምር። በመጀመሪያ ሜዳና የግጦሽ መሬት ነው። ላሞች ታያላችሁ። ሴዳሊያ ስትደርሱ በ1896 የተሠራ የባቡር ጣቢያ አለ። ባቡር ባይመጣበትም ሕንፃው ታድሶ ቆሟል። መንገደኛ ይቀበላል።

ከዚያ ቡንቪል ትደርሳላችሁ። ወንዙን እዚህ ታገኙታላችሁ። በወንዙ ላይ በ1932 የተሠራ ትልቅ የብረት ድልድይ አለ። የመካከለኛው ክፍል ርዝመቱ 124 ሜትር ያህል ነው። ጀልባ ሲመጣ ያ ክፍል እንዳለ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሣ ነበር። የባቡር ኩባንያ ብረቱን ነቅሎ ለሌላ ድልድይ ሊያውለው አስቦ ነበር። የከተማው ሰዎች ግን «ድልድዩ ከተነሣ መስመሩ ተቆረጠ ማለት ነው» ብለው ለዓመታት ተሟገቱ። በ2010 ኩባንያው ድልድዩን ለከተማው ለመስጠት ተስማማ።

ቀጥሎ ሮቼፖርት ነው። እዚህ መንገዱ በድንጋይ ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ዋሻው በ1893 የተፈለፈለ ነው። ርዝመቱ 74 ሜትር ያህል ነው። በበጋ ሙቀት ወደ ውስጥ ስትገቡ ብርዱ ፊታችሁን ይመታል። ከዋሻው ወጥታችሁ ስትሄዱ በአንድ በኩል ነጭ የድንጋይ ገደል፣ በሌላው በኩል ወንዙ ነው። በቅዝቃዜው ወራት ራሱ ነጭ የሆነ ትልቅ ንስር በዛፎቹ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ይጠብቃል።

በ1804 ሉዊስና ክላርክ የሚባሉ ሁለት የጦር መኮንኖች በዚሁ ወንዝ በጀልባ አልፈዋል። መንግሥታቸው ምዕራቡን አገር አይተው እንዲመለሱ ልኳቸው ነበር። በዚህ ገደል ላይ የጥንት ነዋሪዎች የሣሉትን ሥዕል አይተው በመዝገባቸው ጽፈዋል። ሐዲዱ ሲሠራ ድንጋዩ ተፈለጠ፤ ከሥዕሉ ብዙው ጠፋ። ጥቂቱ ግን አሁንም አለ።

እነዚያ ሥዕሎች አንድ ነገር ያስታውሱናል። ከገበሬዎቹ በፊትም የመሬቱ ባለቤቶች ነበሩ። ኦሴጅ የሚባሉት ሕዝቦች በዚህ አገር ያድኑና ያርሱ ነበር። በ1808 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ውል ፈረሙ። በዚያ ውል ዛሬ ሚዙሪ ከሚባለው መሬት አብዛኛውን ለቀቁ። ውሉ የተጻፈው በራሳቸው ቋንቋ አልነበረም።

ወደ ጉዟችን እንመለስ። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ማክቤን በምትባል መንደር አጠገብ፣ በእርሻ መካከል አንድ ትልቅ ዛፍ ቆሟል። ኦክ የሚባል ዛፍ ነው። ዕድሜው 350 ወይም 400 ዓመት ይገመታል። ጎርፍ ብዙ ጊዜ እግሩን አጥቦታል። በ2020 መብረቅ መታው፤ ውስጡም ነደደ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ቅጠል አወጣ።

ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ከጀርመን አገር ፈልሰው የመጡ ሰዎች የመሠረቷቸው ከተሞች አሉ። ሄርማን አንዷ ናት። ከወንዙ ማዶ ትታያለች። ኦገስታም አለች። ሰዎቹ በኮረብታው ላይ ወይን ተክለው ወይን ጠጅ ይጠምቃሉ። በ1980 የአሜሪካ መንግሥት የወይን አገሮችን በስም መመዝገብ ሲጀምር በመጀመሪያ የመዘገበው ኦገስታን ነው። መንገዱ ከዚያ ሴንት ቻርልስ ከተማን አልፎ ማቼንስ ላይ ያልቃል።

ሙሉውን በቢስክሌት የሚሄድ ሰው አምስት ቀን ያህል ይፈጅበታል። ብዙው ሰው ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ይመለሳል። መግቢያ አይከፈልም። መኪናና ሞተር ብስክሌት አይገባም። በቅሎና ፈረስም በተወሰኑ ክፍሎች ካልሆነ በቀር አይፈቀድም።

«ያለ ጉዳይ መንገድ መሄድ ምን ይባላል?»

አንዳንዶቻችሁ እንዲህ ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ቀኑን ሙሉ በሬ ተከትሎ የዋለ ሰው ማታ ተነሥቶ ልንሸራሸር አይልም። እግሩ የሚፈልገው ማረፍ ነው። የዚያ አገር ሰው ግን ኑሮው ሌላ ነው። ብዙው ተቀምጦ ይሠራል፤ በመኪና ይሄዳል፤ ተመልሶም ይቀመጣል። እግሩ ሥራ ያጣል። ደሙም እንደ ልብ አይዘዋወርም። ሐኪሞች ደግሞ በእግር መሄድ ለልብና ለደም ሥር እንደሚጠቅም ይናገራሉ። ለእናንተ ሥራ የሆነው ለእሱ መድኃኒት ሆነ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሰው አገሩን ማየት ይወዳል። እናንተስ ለንግሥ ወይም ለገበያ ስትሄዱ ጥሩ ቦታ ላይ ቆም ብላችሁ ወንዙን አታዩም? ይኸው ነው።

ገበሬዎቹ ለምን ተቃወሙ?

አሁን በመጀመሪያ ወደ ጠየቅናችሁ ጥያቄ እንመለስ። ባቡሩ ሲቀር በመስመሩ ዳር ያሉ ብዙ ገበሬዎች «መሬታችን ተመለሰልን» አሉ። አጥራቸውን ሊያስፋፉ አሰቡ። በዚህ ጊዜ «መንገዱ ለመንሸራሸሪያ ይሆናል» የሚል ነገር ሰሙ። ተቆጡ።

ቁጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባቡር መጥቶ ያልፋል እንጂ አይቆምም። እግረኛ ግን ይቆማል። ቆሻሻ ይጥላል ብለው ፈሩ። በር ከፍቶ ይተዋል፤ ከብት ይወጣል ብለው ፈሩ። ሌባ ይመጣል ብለው ፈሩ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ቆረቆራቸው፦ «አያቶቻችን የፈቀዱት ለባቡር ነው። ለቢስክሌት ማን ፈቀደ?»

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። እዚያ ዳኞቹ ምን ጠየቁ መሰላችሁ? አሮጌውን ወረቀት ነው። ሐዲዱ ሲዘረጋ የተጻፉት ውሎች አንድ ዓይነት አልነበሩም። በአንዳንዱ ላይ ገበሬው መሬቱን ሸጧል። የሸጠ ሰው መሬቱ ከእጁ ወጥቷል። በሌላው ላይ ግን ገበሬው መሬቱን አልሸጠም፤ ባቡር እንዲያልፍበት ብቻ ፈቅዷል። ይህ የማለፊያ መብት ይባላል። የሁለቱ ልዩነት በወረቀት ላይ ሁለትና ሦስት ቃል ነው። በመሬት ላይ ሲታይ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። የፈረሙት አያቶች ሞተዋል። የሚመሰክር ሰው የለም። የቀረው ያ ጽሑፍ ብቻ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚባለው ለዚህ ነው።

በ1990 ከቨርሞንት ክፍለ ሀገር የመጣ ተመሳሳይ ክርክር በአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታየ። ፍርድ ቤቱ በ1983 የወጣው ሕግ ይጸናል አለ። ነገር ግን መሬቱ የተወሰደበት ሰው ካሣ መጠየቅ ይችላል ሲል ጨመረ። የኬቲ ገበሬዎችም ካሣ ጠየቁ። በ2000 የካሣ ክስ የሚያይ ፍርድ ቤት ለከሳሾቹ ፈረደላቸው። አያቶቻቸው የሰጡት የማለፊያ መብት ለባቡር ብቻ ነበር፤ መንግሥት ለሌላ ነገር ካዋለው መሬት መውሰድ ነው፤ መክፈልም አለበት አለ።

እንግዲህ ቁጠሩት። ባቡሩ የቀረው በ1986 ነው። ፍርዱ የተሰጠው በ2000 ነው። ስንት ዓመት ሆነ? 14 ዓመት። ፍትሕ መጣ፤ ግን ቀስ ብሎ መጣ። መንገዱም አልተዘጋም፤ የገበሬውም መብት አልተረገጠም። ካሣው በ1986 ቢታሰብ ኖሮ ግን ያ ሁሉ ሙግት ባልኖረ ነበር።

መንገዱ ማንን ጠቀመ?

ባቡሩ ከሄደ በኋላ በየጣቢያው ያሉት ትናንሽ ከተሞች ተዳክመው ነበር። መንገዱ ሲከፈት እንግዳ መምጣት ጀመረ። እንግዳ ይርበዋል፤ ይጠማዋል፤ ማደሪያ ይፈልጋል። ቢስክሌቱም ይበላሽበታል። ስለዚህ አንዱ ምግብ ቤት ከፈተ። ሌላው ክፍል አከራየ። ሌላው ቢስክሌት ጠገነ። በ2012 የወጣ ጥናት እንደሚለው በዓመት 400,000 ያህል ሰው መንገዱን ይጎበኛል። ከዚህም ለአካባቢው በዓመት 18 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይገባል።

ወንዙ ግን ዛሬም ወንዝ ነው። ባቡሩን ያባረረው ጎርፍ መንገዱንም አልማረውም። በ1993 ታላቅ ጎርፍ መጥቶ የመንገዱን ብዙ ክፍል አጠበው። በ2019ም እንዲሁ ውኃ ሞልቶ ብዙ ቦታ ተዘጋ። በየጊዜው ጠጠሩ ይመለሳል፤ ድልድዩ ይጠገናል። ይህ ገንዘብ ይጠይቃል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ይህ እናንተን በጣም የሚነካ ነገር ነው። በ1984 የሚዙሪ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ አንድ ትንሽ ግብር በራሱ ላይ ጣለ። ሰው ዕቃ ሲገዛ ከየአንድ ሺው አንድ ይከፍላል። የ1,000 ዶላር ዕቃ የገዛ 1 ዶላር ይጨምራል ማለት ነው። የሚሰበሰበው ገንዘብ ለሁለት እኩል ይከፈላል። ግማሹ እንደ ኬቲ ላሉ የሕዝብ መናፈሻዎች ይሄዳል። ግማሹ ደግሞ ለአፈርና ለውኃ ጥበቃ ይውላል። ገበሬው እርከን ሲሠራ፣ አፈሩ በጎርፍ እንዳይከላ ሲያደርግ፣ ከወጪው የተወሰነው ከዚህ ገንዘብ ይከፈልለታል። ግብሩ ለዘላለም የተጣለ አይደለም። ሕዝቡ በ1988፣ በ1996፣ በ2006ና በ2016 እንደገና ድምፅ እየሰጠ አጽድቆታል።

የከተማው ሰው መንሸራሸሪያ፣ የገበሬውም አፈር በአንድ ኪስ ተቀምጠዋል። በመሬቱ ምክንያት የተጣሉት ሁለት ወገኖች በዚህኛው ነገር አብረው ድምፅ ይሰጣሉ።

ለንባብ ጓዶቻችሁ

ይህን ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ ለጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ካለ አጠገባችሁ አስቀምጡት። ከዚያ በሚከተለው ነገር ተነጋገሩ። በመንደራችሁ ውስጥ ቀድሞ የሚያገለግል፣ ዛሬ ግን የተተወ መንገድ፣ ጉድጓድ ወይም ሕንፃ አለ? ለሌላ ሥራ ቢውል ማን ይጠቀማል? ማንስ ይጎዳል? የሚጎዳው ሰው አስቀድሞ ተጠይቋል?

አንድ ነገር ደግሞ ጨምሩ። በቤታችሁ፣ በሳጥን ውስጥ ወይም በጣራው ሥር፣ የተቀመጠ አሮጌ ወረቀት ካለ አውጡት። ውል ይሆናል፤ ደረሰኝ ይሆናል። ቀድሞ ሌላ ሰው እያነበበላችሁ የሰማችሁት ነው። አሁን ግን ራሳችሁ አንብቡት። «ሸጫለሁ» ይላል? ወይስ «ፈቅጃለሁ»?